ከዋርካው ጀርባ የነበረው ውሃ

ያን ቀን ሜዳው ላይ የነበርነው እነዚህ ነን። አሰልጣኙ ነበር፤ እሱ በከተማችን ቴክኒክ ኮሌጅ የብየዳ አስተማሪ ነው። የኮሌጁ ኳስ ቡድን ልጆች በሙሉ ነበሩ፤ ለሁለት ተከፍለው እርስ በርስ ሊጋጠሙ ግማሾቹ ቢጫ ሰደርያ ደርበዋል። ከእነሱ መካከል ሁለቱ የቤቴ ናቸው። በረኛው የወለድኩት ልጄ ነው፤ የግራ መስመር ተጫዋቹ ደግሞ ከግቢዬ አንዷን ክፍል ተከራይቶ የሚማር የአምባሰል ደጋ ልጅ ነው። ከመስመሩ ውጪ ጡረታ የወጡት የከባድ መኪና ሹፌር ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ከአጠገባቸው እኔ፣ ለሳምቡሳ የሚሆን ምስር በሰፌድ ይዤ እለቅማለሁ። ተሳፋሪ ሲያጣ ልምምድ ሊያይ የሚመጣው ባለባጃጅ እግሩን ወደ ውጪ አውጥቶ ባጃጁ ውስጥ ተጋድሟል። አንዲት ቡራቡሬ ላምም ነበረች፤ የማን እንደሆነች አላውቅም። ሌላ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ያላየው ሁሉ እንዳየ ሆኖ ስላወራ ነው። አንዱ ተጣልተው ነው አለ፣ አንዱ ጾም ያስገድዷቸዋል አለ። እዚያ የነበርነው ግን እኛ ብቻ ነን።

እኔ ሜዳ መሄድ የጀመርኩት ኳስ ወድጄ አይደለም። ልጄ ኮሌጅ በገባ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ቀን ጣቱ አብጦ፣ በጨርቅ ተጠምጥሞ መጣ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ኳስ ይዤ ነው እማ።»

ኳስ የያዘ ጣት እንዲህ የሚሆን ከሆነ፣ የሚመቱበትን ሰዎች በዓይኔ ልያቸው ብዬ በማግስቱ ሻርፔን ጣል አድርጌ ወጣሁ። ሜዳው ከከተማው ወደ ሐይቁ በሚወርደው መንገድ ዳር ነው። ያየሁት ነገር አስደነገጠኝ። በደረቀ መሬት ላይ ልጄ ራሱን እንደ ከረጢት ይጥላል። ተነስቶ ደግሞ ይጥላል። አሰልጣኙ ቆሞ አንድ በአንድ እየመታበት «በግራ! አሁን በቀኝ! አትፍራ!» ይለዋል። ያንን ልጅ ሕፃን ሳለ ከመደብ እንዳይወድቅብኝ ትራስ እየደረደርኩ ነው ያሳደግኩት።

ከመውደቁ ይልቅ ደግሞ ድምፁ አስገረመኝ። ቤት ውስጥ ሁለት ጊዜ ካልጠየቁት የማይመልስ ልጅ፣ ሜዳ ላይ እንደ ሚኒባስ ረዳት ይጮሃል። «ውጡ! ውጡ! ግራህን እይ! ተኝተሃል እንዴ አንተ?» በዕድሜ የሚበልጡትን ነው እንዲህ የሚላቸው። እነሱም እሺ ብለው ይወጣሉ። ሱብሃነላህ ብዬ አፌን ይዤ ቀረሁ።

ሹፌሩ ሽማግሌ ያን ጊዜም እዚያው ድንጋያቸው ላይ ነበሩ። «ያ የሚጮኸው የማን ነው?» አሉኝ።

«የኔ ነው» አልኩ እያፈርኩ።

«እንግዲያው ደህና በረኛ ነው። ዝም የሚል በረኛ አልወድም፤ እንቅልፍ የወሰደው ይመስለኛል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ «የበረኛ እናት» ነው የሚሉኝ። እኔም ልጄን ልጠብቅ የሄድኩት ሴትዮ ሳላውቀው ደጋፊ ሆንኩ። ትምህርቴ አምስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ እንኳን ኳስ፣ ሌላም ብዙ ነገር አላውቅም። ግን በየቀኑ የሚታይ ነገር ይለመዳል። ማን ኳስ ሲመጣለት እንደሚቸኩል፣ ማን ሲደክመው ወገቡን እንደሚይዝ፣ ማን አሰልጣኙ ዞር ሲል ከሩጫው እንደሚያጭበረብር አወቅሁ። ከጨዋታ ውጪ የሚሉትን ብቻ እስካሁን አልገባኝም። ሽማግሌው በጠጠር እየደረደሩ ብዙ ጊዜ አስረዱኝና ተስፋ ቆረጡ።

የበልግ ልምምድ ከሌላው ጊዜ ይከብዳል። ከፋሲካ በኋላ ደሴ ላይ ከሌሎች ኮሌጆች ጋር ውድድር ስላለባቸው ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ነው የሚዘጋጁት። ያን ዓመት አሰልጣኙ አዲስ ነገር አመጣ። በረኛው ኳሷን ወደ ሩቅ መምታቱን ትቶ፣ በእግሩ ይዞ ለቅርብ ሰው እንዲያቀብል አዘዘ። ሽማግሌው ይህን ባዩ ቁጥር ከዘራቸውን መሬት ይመታሉ።

«ምታው! ምታው እንጂ! ምን ያሽኮረምመዋል? አንቺ፣ ልጅሽን ምከሪው!»

«አሰልጣኙ ነው ያዘዘው ጋሼ።»

«አሰልጣኙስ ቢሆን! ብየዳ ያስተምር!»

ባለባጃጁ ከባጃጁ ውስጥ ሆኖ ይስቃል። «ጋሼ፣ ዘመኑ ተቀይሯል፤ በቴሌቪዥን አያዩም?»

«አንተ ዝም በል፤ መጀመሪያ ባጃጅህን በቀኝ መንዳት ልመድ።»

እኔም እውነቱን ለመናገር፣ ልጄ ኳሷን በእግሩ ይዞ አጥቂ ወደሱ ሲሮጥበት ባየሁ ቁጥር ምስሬን እስከነ ሰፌዱ ልደፋው እደርሳለሁ።

የግራ መስመሩን ልጅ ለማየት ብቻ የሚመጣ ሰው ቢኖር ግን አልፈርድበትም። አገሩ ወደ ግሸን ከሚወስደው መንገድ ተገንጥሎ በእግር የሚገባበት ደጋ ነው። ሩጫው ሌላ ነው፤ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሄዶ ሲቆም እንኳ አፉን አይከፍትም፣ በአፍንጫው ነው የሚተነፍሰው። ጉድለቱ ይሉኝታው ነው። ኳስ ሲቀማ የቀማውን ልጅ «አልጎዳሁህም?» ብሎ ይጠይቃል። አሰልጣኙ ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ ይጮህበታል።

«አንተ ልጅ፣ ሰርግ ተጠርተህ ነው እንዴ የመጣኸው? ቀማው እንጂ!»

«እሺ ጋሼ።» ደግሞ ይሄዳል፣ ደግሞ ይቀማል፣ ደግሞ ይቅርታ ይላል።

ቤትም እንዲሁ ነው። የግቢውን ቧንቧ ሊከፍት «እትዬ፣ ውሃ ልቅዳ?» ብሎ ያስፈቅዳል። የከፈለበት ውሃ ነው። እናቱ በልጅነቱ ሞታ አባቱ ናቸው ያሳደጉት። ልጄ ወንድም የለውም፤ ሁለቱ አንድ ጫማ ተራ በተራ የሚያደርጉ ዓይነት ሆኑ፣ እኔም ልዩነት ማድረግ ተውኩ።

ጥር ውስጥ ይኸው ልጅ ጎኑን አሞት ተጣጥፎ አደረ። ለማንም አልተናገረም፤ ልጄ ነው ሲያቃስት ሰምቶ የነገረኝ። ጠዋት ይዤው ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሐኪሟ ምርመራውን አየችና፣ «ኩላሊትህ ደህና አይደለም። መድኃኒቱን ጨርስ፤ ከመድኃኒቱ በላይ ግን ውሃ ነው የሚያስፈልግህ። ስፖርት የምትሠራ ከሆነ ደግሞ ሳትጠጣ እንዳትሮጥ» አለችው። ወደኔም ዞር ብላ «እናቱ ነዎት?» አለች። «አዎ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ከዚያ ወዲህ እኔ ያለኝ ሥራ «ጠጣህ?» ማለት ነው። ሲወጣ «ጠጣህ?» ሲገባ «ጠጣህ?» ልጄ ይቀልድበታል። «ወንድሜ፣ አንተን ግመል ልታደርግህ ነው።» ልጁም ይስቃል፣ ግን ይጠጣል። ቀለሙም ተመለሰ፣ ሩጫውም ተመለሰ።

ከዚያ ሁዳዴና ረመዷን አንድ ላይ ገቡ። በኛ አገር ይህ ሲሆን ሰው ደስ ይለዋል፤ የሚለየን የሥጋ ነገር ስለማይኖር ከአንድ ማዕድ መቅረብ ይቻላል። እኔም ሾርባውን ያለ ሥጋ፣ ሳምቡሳውን በምስር ብቻ አደረግኩት። ልጁ በጾሙ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መብላትም መጠጣትም ይችላል፤ የነፍስ አባቱም ስለ ሕመሙ ሰምተው እንዳይከብድበት ነግረውታል። እሱ ግን «ከእናንተ ጋር አፈጥራለሁ» ብሎ መግሪብ እስኪደርስ ይጠብቃል። «ቢያንስ ውሃውን ከልምምድ በፊት ጠጣ» አልኩት። «እሺ እትዬ» አለኝ።

አሰልጣኙ ልምምዱን አሳጠረው፤ አሥር ሰዓት ተጀምሮ ለአዛን ጥቂት ሲቀር ያልቃል። ከቡድኑ ገሚሱ ሙስሊም ነው፣ ገሚሱ ክርስቲያን። ሁላችንም የተጨነቅነው ለሙስሊሞቹ ነበር። ሽማግሌው ልጄ በተንደረደረ ቁጥር «ይሄ ልጅ ምራቁ ደርቋል፣ ይበቃዋል» ይላሉ። እኔም ለልጄ ዱዓ እያደረግኩ ለሌላው ደግሞ ውሃ እሞላለሁ። ትልቁን ቢጫ ጀሪካን በየቀኑ ሞልቼ በባጃጁ እልከዋለሁ፤ ለጠጪዎቹ ነው። ለጾመኞቹ እንዳይታይ ከዋርካው ጀርባ ያስቀምጡታል። ዋርካው ትልቅ ነው፣ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አይከብበውም። አሰልጣኙ ለእረፍት ሲያፏጭ ክርስቲያኖቹ ወደ ዋርካው ጀርባ ይሄዳሉ። ሙስሊሞቹ ደግሞ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዙረው ይቀመጣሉ፤ እነዚያ እንዳይሳቀቁ ብለው ነው። መጀመሪያ ሰሞን አንጠጣም ብለው ነበርና ልጄ ተቆጥቷቸዋል።

«ወላሂ ካልጠጣችሁ እኛም አንጫወትም! የኛ ጾም የኛ ነው፤ እናንተን ውሃ ጥም ካስያዝን ምኑን ጾምን?»

ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ እረፍት ከዋርካው ጀርባ አፋቸውን በክንዳቸው እየጠረጉ ሲመለሱ አያለሁ። ማታ ጀሪካኑ ባዶውን ይመለሳል። እኔም አልሃምዱሊላህ እላለሁ።

«ጠጣህ?»

«ጠጥቻለሁ እትዬ።»

የዚያ ዓመት በልግ ዘገየ። መጋቢት እየተገባደደ ደመና ብቻ እየተከመረ ይበተናል። የሜዳው ሣር አመድ መስሏል፣ ልጆቹ ሲሮጡ አቧራው ወደኛ ይመጣል። ያን ቀን ሽማግሌው ላሟን እያዩ «ይቺ ቡራቡሬ ከዋርካው ጀርባ ምን አግኝታ ነው ጠዋት ማታ እዚያ የምትውለው?» አሉ። «ጥላ ይሆናል» አልኳቸው። ሌላ አላሰብኩም።

ያን ቀን አሰልጣኙ ለደሴው ውድድር የሚሰለፉትን ሊለይ ስለሆነ ልጆቹ ከወትሮው በላይ ነበር የሚሮጡት። የግራ መስመሩ ልጅ ከልጄ በተቃራኒ ተሰልፏል። እረፍት ሆነ፤ ሄዱ፣ አፋቸውን እየጠረጉ ተመለሱ። ጨዋታው እንደገና ተጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ልጁ ኳሷን ይዞ በመስመሩ ላይ በረረ። ተከላካዩን አለፈው፤ ይቅርታም አላለም። ሽማግሌው ከድንጋያቸው ብድግ አሉ። «እሰይ! ዛሬ ሰው ሆነ!»

ከልጄ ጋር ፊት ለፊት ቀረ። ልጄ እጁን ዘርግቶ ወጣበት። ልጁ ግን አልመታም። ቆመ። ኳሷ ብቻዋን እየተንከባለለች ልጄ እጅ ውስጥ ገባች። ልጁ አፉን ከፍቶ ሲተነፍስ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ለመስገድ እንደሚወርድ ሰው ቀስ ብሎ በጉልበቱ ተቀመጠ፣ ከዚያ በጎኑ ዘፍ አለ።

«ተነስ ባክህ፣ ዳኛ የለም! ፍጹም ቅጣት ምት ለማን ብለህ ነው?» አለው አንዱ ተከላካይ እየሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ሰፌዱ ከእጄ ወደቀ፣ ምስሩ አፈር ላይ ተበተነ። ስሮጥ ሻርፔ የት እንደወደቀ አላውቅም።

ዓይኑ ተገልጧል፣ ግን አያየኝም። ከንፈሩ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ግንባሩን ስነካው ላብ የለም፤ ይህን ያህል የሮጠ ሰው ጠብታ ላብ የለውም።

«ውሃ!» አለ አሰልጣኙ። «ውሃ አምጡ!»

ልጄ ወደ ዋርካው ሮጠ። ጀሪካኑን በአንድ እጁ አፈፍ ሊያደርግ ብሎ ወደፊት ተደፋ። ቀና ብሎ ደግሞ ሞከረ። ከዚያ ዝም ብሎ ቆመ። ከሩቅ አየዋለሁ፤ ጀሪካኑን እያየ ነው የቆመው። «ምን ትጠብቃለህ!» ብዬ ጮህኩ። በሁለት እጁ ታቅፎ እየተንገዳገደ አመጣውና አጠገባችን አስቀመጠው።

«ሙሉ ነው» አለ።

አሰልጣኙ ክዳኑን ሊፈታ እጁን ዘረጋ።

«እማ፣ እንደላክሽው ነው። ክዳኑ አልተነካም።»

አሰልጣኙ ልጁ ላይ ውሃ እያፈሰሰ ወደ ክርስቲያኖቹ ልጆች ዞረ። «ማን ነው የጠጣው?» መሬት መሬት ያያሉ። «እረፍት ላይ ማን ጠጣ? አልቆጣም፣ ንገሩኝ!»

ከመካከላቸው ረጅሙ፣ ተከላካይ የሆነው፣ «ማንም አልጠጣም ጋሼ» አለ።

«ዛሬ?»

«ጾሙ ከገባ ጀምሮ።»

እዚያው አፈር ላይ ተቀመጥኩ። ረጅሙ ልጅ እየተንተባተበ ተናገረ። እነሱ ተጠምተው እያዩን እንዴት ውሃ በጉሮሯችን ይወርዳል ብለው ተማከሩ። አንጠጣም እንዳይሉ እነ ልጄ ተቆጥተዋል። ስለዚህ ከዋርካው ጀርባ ሄደው ጥቂት ቆመው፣ አፋቸውን ጠርገው ይመለሳሉ። የኔ ድካም ከንቱ ሆኖ እንዳይከፋኝ ደግሞ፣ ከልምምድ በኋላ ውሃውን እዚያው መሬት ላይ ያፈሱታል። ቀና ብዬ ወደ ዋርካው አየሁ። ሜዳው ሁሉ አመድ ሆኖ ከጀርባው ያለው ሣር ለምልሟል፤ ቡራቡሬዋ ላም አንገቷን ደፍታ ትግጣለች።

ሙስሊሞቹ ልጆች የሆኑትን መሆን ልነግራችሁ አልችልም። እነሱ እንዳያፍሩ ብለው ፊታቸውን አዙረው ሲቀመጡ ነበር የከረሙት። ፊታቸውን ባያዞሩ ኖሮ ያዩ ነበር። ልጄ ጓንቱን አውልቆ መሬት ላይ ወረወረና የወደቀውን ልጅ ትከሻ ይዞ ይነቀንቀው ጀመር። «ማን ጠይቆህ ነው? ማን ጠይቆህ ነው አንተ? እኔ ሌሊት ሱሑር በልቼ፣ ጠጥቼ ነው የምጾመው! አንተ ከማታ እስከ ማታ በምንህ ልትሮጥ ነው?» አሰልጣኙ ጎትቶ አነሳው። ልጄ ያለቅሳል፤ ካደገ ወዲህ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር።

ባለባጃጁ ሜዳው መሀል ድረስ ነድቶ ገባ። «እናታችን፣ ግቡ፣ ግቡ፣ ያዙት!» ሽማግሌው መንገድ ላይ ቆመው መኪናውን ሁሉ በከዘራ እያስቆሙ አሳለፉን። ጤና ጣቢያ ግሉኮስ ሰቀሉለት። ሐኪሟ ያቺው ነበረች። እኔን ስታይ አወቀችኝ። «እናቱ፣ ሳይጠጣ እንዳይሮጥ አላልኩም?» አለችኝ። በዚያው ምሽት በአምቡላንስ ወደ ደሴ ላኩን። የመግሪብ አዛን የት ስንደርስ እንደተሰማ እንኳ አላስታውስም፤ ይህን ያህል ነበር የደነገጥኩት። ነርሱ በኮዳ ውሃ ሰጥቶኝ ጾሜን እንዳስፈታኝ ብቻ ነው የማስታውሰው።

ደሴ ላይ ዶክተሩ ኩላሊቱ ክፉኛ ተጎድቷል አለ። ይድናል ወይስ አይድንም የሚለውን በሁለት አፍ ነው የሚመልሰው። «እናያለን» ይላል። እኔ ደግሞ እናያለን ስባል ይብስብኛል። ልጁ በሁለተኛው ቀን ዓይኑን ገልጦ አወቀኝ።

«እትዬ፣ ተቆጡ?»

«አብሽር፣ አልተቆጣሁም» አልኩት። ተቆጥቼ ነበር። «ለምን ዋሸኸኝ? በየቀኑ ጠጥቻለሁ ስትለኝ?»

«ቢያውቁ ለልጅዎ ይነግሩታላ። ከዚያ እሱ ልምምድ ይተዋል።»

አባቱ ከደጋው ወርደው ደረሱ። ቀጭን፣ ጋቢ የለበሱ፣ ከነአቧራቸው የመጡ ሰው ናቸው። ልጃቸውን ግንባሩን ሳሙት፣ ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ወጥተን ሁሉን ነገርኳቸው። ጀሪካኑን፣ ዋርካውን፣ ውሸቱን። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። እኔንም ይወቅሱኛል ብዬ ፈርቼ ነበር።

«እህቴ፣ እኔም ብሆን አልጠጣም ነበር» አሉ።

«ሐኪም አዞት?»

«ቢያዝም። ጓደኛው ከንፈሩ ደርቆ እያየው?»

«እንግዲያው እርስዎንም አጠገቡ ያስተኙልኝ! አባትም ልጅም አንድ ናችሁ!» ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ በኮሪደሩ ያለው አስታማሚ ሁሉ ዞረ። እሳቸው ግን ፈገግ አሉ። ሳያፍሩ ነው ፈገግ ያሉት፤ ልጃቸው ጥሩ ሥራ ሠርቶ የተነገራቸው ይመስላሉ። እኔ እስከ ዛሬ ያቺ ፈገግታ ትደንቀኛለች። ትክክል ናቸው ወይስ አይደሉም፣ መፍረድ አልችልም። እናት ብትኖረው ግን ፈገግ አትልም ነበር።

ሆስፒታል ብዙ ቀን ተኝቶ በእግሩ ቆመ። ዶክተሩ ሲያስወጣው ከወር በኋላ ተመልሶ ደሙን እንዲያስመረምር፣ እስከዚያ እንዳይሮጥ፣ ከባድ እንዳያነሳ፣ ውሃ እንዳያቋርጥ አዘዘ። ያለ ምርመራው ኩላሊቱ መመለሱን ማወቅ እንደማይቻል ለአባቱ ደጋግሞ ነገራቸው። እኔ ቤቴ ይሁን፣ እዚህ ለደሴ ይቀርባል ብዬ ለመንኩ። አባቱ ግን «አገሩ አየሩ ይስማማዋል፤ ለቀጠሮው አመጣዋለሁ» ብለው ይዘውት ሄዱ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘናቸው። ልጄ አውቶቡሱ ውስጥ ገብቶ ሁለት ትልልቅ የውሃ ጠርሙሶች እግሩ ሥር አስቀመጠለት። «አሁን እየጠጣህ አሳየኝ» አለው። ልጁ ሁላችንም እያየነው ጠጣ።

ከዚያ ወዲህ በልምምድ ላይ ጀሪካኑ ከዋርካው ጀርባ አይቀመጥም። አሰልጣኙ ሜዳው መሀል አስቀመጠው። ሲያፏጭ ሁሉም ዙሪያውን ይቀመጣሉ፤ ጾመኞቹ በኩባያ እየቀዱ ለሌሎቹ ይሰጣሉ፣ እስኪጨርሱም ዓይናቸውን አያነሱም። ልጄ «ታችኛውን አሳየኝ» እያለ ኩባያውን ገልብጦ ያያል። ረጅሙ ተከላካይ «አንተ ፖሊስ ነህ እንዴ?» ይለዋል። «አዎ፣ ጠጣ!» ሽማግሌው ከድንጋያቸው ሆነው «ለኔም አንድ አምጡ፣ እኔን ማን ይጠይቀኛል?» ይላሉ። በግራ መስመር የተተካው ልጅ ደህና ይሮጣል፣ ግን በአፉ ነው የሚተነፍሰው። ደሴ ሄደው ከግማሽ ፍጻሜ ተመለሱ። ልጄ ኳሷን በእግሩ ይዞ ሲያሽኮረምም ነው የተቀማው፤ ሽማግሌው እስካሁን ይህን አልረሱም።

የምርመራው ቀን ደረሰ። በጠዋት ደሴ ሄጄ ሆስፒታሉ በር ላይ እስከ ማታ ቆምኩ። አልመጡም። ወደ ልጁ ስልክ ስንደውል አይሠራም፤ አባቱ ስልክ የላቸውም። ያን ሰሞን ወደዚያ የሚወስደው መንገድ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ አንድ ሳምንት ይዘጋል፤ ኔትወርኩም እንደዚያው። ልጄ «በእግሬም ቢሆን እሄዳለሁ» ሲል እኔ እምቢ ብያለሁ፤ አንዱን ሳላገኝ ሌላውን አልሰድም። በሹፌሮች መልእክት ላክሁ፣ አንዱም መልስ ይዞ አልተመለሰም። ክረምቱ በዚህ ሁኔታ አለቀ።

አሁን የግሸን ንግሥ ደርሷል፤ ሰው በአውቶቡስ ይወጣል። ይህን የምታነቡና በዚያ በኩል የምታልፉ ሰዎች፣ ወይም ከዚያ ደጋ ወደ ሐይቅ ገበያ የምትወርዱ፣ ልለምናችሁ። የከተማው ወሬ እንዳይከተለው ብዬ ስሙንና ቀበሌውን እዚህ አልጽፍም፤ ከሐይቁ መንገድ ዳር ባለው ሜዳ በማንኛውም ቀን ከአሥር ሰዓት በኋላ የበረኛ እናት ብላችሁ ጠይቁኝ፣ በቃሌ እነግራችኋለሁ። ቀጭን፣ ጠይም ልጅ ነው፤ ኳስ በግራ እግሩ ነው የሚመታው። ደሙን ተመርምሮ እንደሆነ፣ ኩላሊቱ እንዴት እንደሆነ፣ በሕይወት መኖሩንም ጭምር ያየ ወይም የሰማ ሰው ይንገረኝ።